ከወንበር ተነስቶ መንገድ ለሚጀምር ሰው

ጤና ጣቢያ ገብተው ደም ግፊትዎን ሲለኩ ነርሷ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብላ ካርዱ ላይ 136 በ88 ጻፈች እንበል። ወይም በባዶ ሆድ የተለካው ስኳርዎ 112 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት አላዘዘም፤ «ክብደት ይቀንሱ፣ እስፖርት ይሥሩ፣ ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ» ብሎ አሰናበተዎ። ከዚያ በር ከሚወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ገሚሱ ክኒን ስላልታዘዘለት ጤነኛ ነኝ ብሎ ነገሩን ይረሳዋል። ገሚሱ ደንግጦ በማግስቱ ጂም ይመዘገባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን ያመውና ይቀራል።

ሁለቱም የሚያጡት ትልቅ ዕድል ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ አቅሙን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ልክ እዚህ ላይ፣ በሽታው ሳይጀምር ምልክቱ ብቻ በታየበት ጊዜ ነውና።

በአሜሪካ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የመረጠው እንዲህ ያሉትን ሰዎች ነበር፤ ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ግን ገና የስኳር ሕመምተኛ ያልተባሉ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ። ሌላው ቡድን በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ አመጋገቡን እንዲያስተካክልና ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስ ባለሙያ ተመድቦለት ታገዘ። ሦስተኛው ምንም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጠው። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን መድኃኒቱ ወደ ስኳር ሕመም የሚሸጋገሩትን ሰዎች በ31 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እንቅስቃሴና አመጋገብ ያስተካከሉት ዘንድ ቅነሳው 58 በመቶ ነበር፤ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ 71 በመቶ። «አሁንማ አርጅቻለሁ» የሚሉ እናትና አባቶች ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ ሊሏት ይገባል።

ከዚያ ቀደም ብሎ ቻይና ውስጥ ዳቺንግ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ጥናት ደግሞ 577 ሰዎችን ይዞ ነበር። እንቅስቃሴ ብቻ እንዲጨምሩ የተመከሩት ሰዎች በስድስት ዓመት ውስጥ ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው በ46 በመቶ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ከ30 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ምክር የተረዱት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በሽታው በአማካይ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶባቸው፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱትም ቁጥር አንሶ አገኙ። የስድስት ዓመት ልማድ ለ30 ዓመት አገልግሏል ማለት ነው።

የሾፌሩና የትኬት ቆራጩ ልብ

እንቅስቃሴ ልብን እንደሚጠብቅ በቁጥር የታየው በሯጮች ላይ አልነበረም፤ በአውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ነው። የብሪታንያው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ሕመም ለምን እንደበዛ ሲመረምሩ ዓይናቸው ባለ ሁለት ፎቆቹ የለንደን አውቶቡሶች ላይ አረፈ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው ውጤት የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ፣ ሲመጣም በዕድሜ ዘግይቶ የሚመጣና የሚገድለውም ሰው ጥቂት መሆኑን አሳየ።

ታዲያ ሾፌርነትን የሚመርጡት ከመጀመሪያውም ወፍራም ሰዎች ቢሆኑስ? ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ይህንንም አልተዉትም፤ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልኬት መዝገብ አስወጥተው መረመሩ። እውነትም የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ነበር። ቢሆንም ቀጭኑም ሆነ ወፍራሙ ትኬት ቆራጭ ከአምሳያው ሾፌር ይልቅ ከድንገተኛ የልብ ሞት ተጠብቆ ተገኘ። ደረጃው ሥራውን የሠራው በቀጭን ሰው ላይ ብቻ አልነበረም። ሞሪስ ራሳቸው በእርጅናቸውም መንቀሳቀሱን ሳይተዉ 99 ዓመት ኖረዋል።

ይህ ታሪክ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ መሪ ጨብጦ ለሚውል የራይድ ሾፌር፣ መስኮት ሥር ስምንት ሰዓት ለምትቀመጥ የባንክ ሠራተኛ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ለሚጠብቅ የታክሲ ነጂ የተጻፈ ይመስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 የሚሆኑት ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክም ያስተምራል። በገጠር ረጅም መንገድ በእግራቸው ሲሄዱ ኖረው ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር፤ ምግቡና አዋዋሉ ሲለወጥ ግን በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋባቸው። ደማቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። የቀድሞው አኗኗር በግዴታ ያስኬድ ነበር። የአሁኑ አያስኬድም፤ ስለዚህ መንገዱን ሰው ራሱ አስቦ መልሶ ማምጣት አለበት።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ምግብ ከተበላ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ተቀምጦ በሚውል ሰው ላይ ጡንቻ ስኳሩን ለማስገባት የኢንሱሊንን ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ትእዛዙን የመስማት ችሎታውም እየደከመ ይሄዳል። እግር ሲንቀሳቀስ ግን ጡንቻው ኢንሱሊን ሳይጠብቅ በራሱ መንገድ ስኳር መሳብ ይጀምራል። እንቅስቃሴው ካቆመ በኋላም ጡንቻው ለኢንሱሊን ንቁ ሆኖ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። እዚህ ላይ ዋናው ሕግ ይወጣል፦ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀሱ አይለፉ። እሑድ እሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት ኳስ የሚጫወት ሰው ለልቡ ይጠቀማል፤ ለስኳሩ ግን ረቡዕና ሐሙስ ባዶ ሆነው ያልፉበታል።

የደም ሥሮችም እንዲሁ። ደም በፍጥነት ሲያልፍባቸው ግድግዳቸው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ነገር ያመነጫል፤ ይህም ሥሮቹን ያላላቸዋል። ፈጠን ብሎ የሄደ ሰው ደም ግፊቱ ከእርምጃው በኋላ ለብዙ ሰዓት ዝቅ ብሎ ይቆያል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ዝቅታው ይረጋል። ግፊታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ነጥብ ሊወርድ ይችላል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከክኒን ጋር የሚቀራረብ ውጤት ነው።

በእንቅስቃሴ የአንጀትና የጡት ካንሰር ሥጋትም ይቀንሳል፣ አጥንት ይጠነክራል፣ እንቅልፍ ይሻሻላል፣ ድብርት ይቀላል። እነዚህ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ጽሑፎች ይወጣቸዋል፤ ደግነቱ ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ አንድ ነገር ነው።

መነሻዎን ይለኩ

ጫማ ከመግዛትዎ በፊት ደብተር ይግዙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ነገር ይመዝግቡ፦ ደም ግፊትዎን፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳርዎን፣ ክብደትዎን፣ እንዲሁም በእምብርትዎ ትክክል በሜትር የተለካውን የወገብዎን ዙሪያ። ደም ግፊት በትክክል ካልተለካ ያሳስታል። ከመለካትዎ 30 ደቂቃ በፊት ቡና አይጠጡ፤ ሽንትዎን ይሽኑ፤ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፈው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን። ደረጃ ወጥተው እያለከለኩ የተለኩት ቁጥር የእርስዎ ቁጥር አይደለም። ሁለት ጊዜ ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለባቸው ሰዎች አሉ። ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን የሚጨንቃቸው ወይም የሚያዞራቸው፣ ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ፣ እግራቸው የሚያብጥና ተኝተው ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ የታወቀ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ግፊታቸው 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ከዚህ መመሪያ ቀጥሎ ያለውን ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ይጀምሩ። ነፍሰ ጡሮችም ክትትል የሚያደርግላቸውን ባለሙያ ጠይቀው፣ ችግር ከሌለባቸው፣ በእግር መሄድን መቀጠል ይችላሉ፤ ይጠቅማቸዋልም። ከእነዚህ ውጭ ያለ ሰው በዝግታ እርምጃ ለመጀመር የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ላብ አያስቡ፣ ኪሎ ሜትር አይቁጠሩ። ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ፣ ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ ይሂዱ። ይኸው ነው።

ለምን ከምግብ በኋላ? በኒውዚላንድ የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በቀን አንዴ 30 ደቂቃ ከመሄድ ይልቅ ከእያንዳንዱ ማዕድ በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ መሄድ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር በ12 በመቶ የበለጠ ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ልዩነቱ ትልቁን ያሳየው ከእራት በኋላ ነው፤ 22 በመቶ። የእኛም ትልቁ ችግር እራት ላይ ነው። ብዙ ቤት ማታ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይበላና ከሶፋው ወደ አልጋ ይታለፋል፤ እንጀራው ወደ ስኳር ተለውጦ ደም ውስጥ የሚገባው ጡንቻው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። ሰፈርዎ በምሽት የማያስተማምን ከሆነ በግቢ ውስጥ፣ በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ ዙሪያ፣ ካልሆነም ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። እግሩ አስፋልት ይርገጥ ምንጣፍ፣ ለጡንቻው አንድ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ይቺማ ምን ትሠራለች» ብሎ ይንቃታል። መናቁ አይጠቅምም። ከእንቅስቃሴ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከምንም ወደ ጥቂት ሲታለፍ ነው፤ ከጥቂት ወደ ብዙ ያለው ጭማሪ እያነሰ ይሄዳል። አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ከ16 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በቀን 4,400 እርምጃ ያህል የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ሥጋታቸው በጉልህ አነሰ፤ 7,500 ላይ ሲደርስ ጥቅሙ መጨመሩን አቆመ። ስልክ ላይ ያለው ቆጣሪ የሚጠይቀው 10,000 እርምጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ እርምጃ መቁጠሪያ ለመሸጥ የወጣ ቁጥር ነው። 10,000 መሄድ ለቻለ መልካም ነው፤ ስላልደረሱበት ግን ተስፋ አይቁረጡ።

ፍጥነቱን በወሬ ይለኩ

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለቱን አሥር ደቂቃዎች ወደ አሥራ አምስት ያሳድጉ፤ ከመካከላቸውም አንዱን ፈጠን ያድርጉት። ለፍጥነት መለኪያ ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። አብሮዎት ከሚሄደው ሰው ጋር ማውራት ከቻሉ፣ ልዝፈን ቢሉ ግን ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ፣ ሐኪሞች መካከለኛ የሚሉት ፍጥነት ላይ ነዎት። ሁለት ቃል ተናግረው መተንፈስ ካለብዎት በዝተዋል። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብ ምትን የሚያቀዘቅዙ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች የልብ ምት በሚቆጥር ሰዓት አይመሩ፤ ልባቸው በመድኃኒቱ ስለሚያዝ ቁጥሩ ያሳስታቸዋል። ለእነሱ ወሬው የተሻለ መለኪያ ነው።

የአዲስ አበባን ከፍታም አይርሱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ለእረፍት ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው በሽታ ነው ብሎ አይደንግጥ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀስ ይበል፤ ውሃ ይጠጣ።

በዚህ አካሄድ ፈጠን ያለውን እርምጃ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ በሁለተኛው ወር መጨረሻ በቀን 30 ፈጣን ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይደርሳሉ። 150 ደቂቃ ማለት ይህ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሩጫና ገመድ ዝላይን ለመሰለ ጠንካራ እንቅስቃሴ ግማሹ ይበቃል። 30ው ደቂቃ አንድ ላይ መሆን የለበትም። ጠዋት ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ቢወርዱ፣ ማታም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ከምሳ በኋላ ያለችው አሥር ደቂቃ ስትጨመር ቀኑ ሞልቷል።

ጡንቻ የተረሳው ግማሽ ነው

በእግር መሄድ ብቻውን አይበቃም። ያው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠናክር ሥራ ይጠይቃል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ይጨምራል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻ ሲያንስ ስኳር የሚቀመጥበት ቦታ ያንሳል፣ መውደቅም ይበዛል። የወደቀች አሮጊት ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ የሚመጣውን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል።

ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ያስቀምጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ በእጅዎ ሳይደገፉ፣ ቀስ ብለው ይነሱ፤ ከመነሳትዎም በላይ ቀስ ብለው ይቀመጡ። አሥር ጊዜ። አረፍ ብለው ድጋሚ አሥር። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ወንበሩ ላይ ትራስ ይጨመርና ከፍ ይበል። ቀጥሎ ግድግዳ ፊት አንድ እርምጃ ርቀው ቆመው፣ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ አድርገው ፑሽ አፕ ይሥሩ፤ ሲቀልዎት ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ ወለል ይውረዱ። ለክንድና ለትከሻ ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በየእጁ ይበቃል፤ ሁለት ኪሎ ነው። ሲያነሱ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ትንፋሽ መያዝ ደም ግፊትን ያንራል። በመጨረሻም ግድግዳ ይዘው በተራ በአንድ እግር ይቁሙ፤ በየሳምንቱ ግድግዳውን ትንሽ ትንሽ ይልቀቁ።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ሳይከፍል ጂም ውስጥ ነው የሚኖረው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። የለንደን ትኬት ቆራጮች ልባቸውን የጠበቁት በደረጃ ነበር፤ እርስዎም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ አንዴ የረሱትን ዕቃ ልጅ ከመላክ ራስዎ ወርደው ያምጡት።

ስለ መቀመጥ አንድ ነገር። ጠዋት 30 ደቂቃ ሄዶ ከዚያ ስምንት ሰዓት ሳይነሳ የሚቀመጥ ሰው ያተረፈውን በከፊል ይከስራል። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱ፤ ሁለት ደቂቃ ይራመዱ። ስልክ ሲደወል ቆመው ያናግሩ። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ነጂዎች መኪናቸውን ዙሪያውን ይዙሩ።

ቦታ፣ ሰዓትና ጫማ

በአዲስ አበባ ትልቁ እንቅፋት አየሩ ነው። የናፍጣ ጭስ ከሚያፈስ አውራ ጎዳና ዳር ከሁለት ሰዓት በኋላ መሮጥ አይመከርም፤ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ፣ ወይም ከዋናው መንገድ ገባ ባለ የውስጥ መንገድ ይሻላል። የእንጦጦ ፓርክ፣ ጃን ሜዳና መስቀል አደባባይ አሉ፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላሉ ደግሞ የሐይቁ ዳርቻ አለ። እሑድ ጠዋት የሚካሄደው ማስ ስፖርት ለብቸኛ ጀማሪ ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና ከመንገድ ሲያስወጣ ሕፃናትን ይዞ መውጣት ይቻላል። ሴቶች ጨለማው ሳይገፈፍ ብቻቸውን እንዲወጡ መምከር ደግሞ ተገቢ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተጠራርተው ሲወጡ ደኅንነቱም ይጠበቃል፣ መቅረቱም ይከብዳል። ቀጠሮ የያዘች ጎረቤት በር ስታንኳኳ ብርድ ልብስ ውስጥ መቆየት አይመችም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉት በሙቀቱ ወራት ቀን ላይ ደጅ እንዳይሞክሩ፤ ሙቀቱ ለሕይወት ያሰጋል። ገበያ ማዕከል ውስጥ ወይም ሌሊት ይሂዱ።

ጫማው ውድ መሆን የለበትም። ተረከዙ የማይተጣጠፍ፣ ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ያለው፣ ሶሉ ያላለቀ እስፖርት ጫማ ይበቃል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ እግር ውሎ ያብጣልና።

ግብ ያስፈልገኛል ለሚል ሰው ሁለት ጥሩ ግቦች አሉ። «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጎርፉበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ። በሁለቱም ብዙው ሰው የሚሄደው በእግሩ እየጨፈረ ነው፤ ማሸነፍ የሚጠበቅበት ጥቂቱ ነው። በሁለት እግሩ መሄድ ያልቻለ ሰው ከዚህ ሁሉ ውጭ አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በተደረገው ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳትፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020ው መመሪያም አካል ጉዳተኞችን ለብቻ ጠቅሶ ያንኑ 150 ደቂቃ በሚችሉት መንገድ እንዲያገኙ ይመክራል፤ ዊልቸር መንዳት፣ በክንድ ክብደት ማንሳት፣ ዋና።

ጾም፣ መድኃኒትና ሕመም

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው የጠዋቱን ፈጣን እርምጃ ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ ያዛውረው፤ ጠዋት ዘና ያለች አጭር መንገድ ትበቃዋለች። በረመዷንም ከኢፍጣር በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መሄድ፣ ወይም ኢፍጣር ሊደርስ ሲል በዝግታ መሄድ ይመቻል። የጾም ወር እንቅስቃሴ የሚቆምበት ወር መሆን የለበትም፤ በተለይ ማታ ማታ ምግቡ ስለሚከብድ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ግን ይጠንቀቁ። እንቅስቃሴ ስኳርን ስለሚያወርድ ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል። ከመውጣትዎ በፊት ይለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ ጥቂት ነገር ይቅመሱ። ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር አይጥፋ። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ከተሰማዎ ወዲያው ስኳሩን ወስደው ይቀመጡ፤ አብሮዎት የሚሄደው ሰውም ይህን ይወቅ። እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ጫማውን ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ፣ ማታ ደግሞ እግሩን በብርሃን ይመልከት፤ ያልተሰማች ጠጠር ቁስል ታመጣለች፣ ቁስሉ ደግሞ እግር ያሳጣል።

ጡንቻ መዛል የተለመደ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከሆነ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ደረትን የሚያጨናንቅ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚወጣ ሕመም ከመጣ ግን ቆመው አይጠብቁት፤ ሆስፒታል ይሂዱ። ጉንፋን ከትኩሳት ጋር ሲይዝዎ ያርፉ። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የመስክ ሥራ ሳምንቱን ሲወስድብዎ ካቆሙበት ሳይሆን ከዚያ በግማሽ ዝቅ ብለው ይመለሱ፤ ብዙ ሰው ጨርሶ የሚተወው ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው ቀን የድሮውን ያህል ልሂድ ሲል ነው።

ሚዛኑ እንዳያሳስትዎ። እንቅስቃሴ ብቻውን ክብደት የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ኪሎ በዋናነት የሚወርደው በምግብ ነው። ሚዛኑ ባለበት ቆሞ ሳለ ግን በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተጠራቀመው ስብ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህንን የሚነግርዎት ሜትሩና የቀበቶዎ ቀዳዳ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወገብዎን የለኩት።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ደብተሩን ይዘው ወደዚያው ሐኪም ይመለሱ። ግፊትዎን እንደ መጀመሪያው ቀን ተረጋግተው፣ ቡና ሳይጠጡ ያስለኩ። ያለፉትን ሦስት ወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የተባለው ምርመራ በሚደርሱበት ቦታ ካለ ይጠይቁ። ቁጥሩ ካልወረደና ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘ ይውሰዱ፤ በዘር የመጣ ግፊትና ስኳር በእርምጃ ብቻ ላይመለስ ይችላል፣ መድኃኒቱም ከሚንቀሳቀስ ሰው ጋር ይበልጥ ይስማማል። ከድሮም መድኃኒት ላይ የነበሩ ሰዎች ቁጥሩ ቢያምርም በራሳቸው ፈቃድ አያቋርጡ፤ መጠኑ ይቀነስ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ለመወሰንም በየቀኑ የጻፉት ደብተር ይረዳዋል።